አሚናና የማንጎው ወተት

በከተማችን በአንዱ መግቢያ፣ ፈላና በር፣ ማንጎ የምትሸጠው ጎረቤቴ አሚና አንድ አመል ነበራት፤ ዛሬ ከዛፉ የተቆረጠ ማንጎ ዛሬ አትሸጥም። "ወተቱ ይውጣለት" እያለች፣ ከአንገቱ የሚንጠባጠበው ሙጫ ፈስሶ እንዲያልቅ የተቆረጠበትን ጎን ወደ ታች ደፍታ ታሳድረዋለች። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። "ለማንጎ ደግሞ ቀጠሮ!" እያልኩ ከሌላ ሰው እገዛ ነበር።

በ1957 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ፈተና ዐሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው የልጄ የማርታ አፍ ዙሪያውን ሽፍ አለ፤ ከንፈሯም አበጠ። ዳይሬክተሩ "ተላላፊ ቢሆንስ? ሳይጠፋላት እንዳትመጣ" ብለው መለሷት። ፈተናው ካመለጣት እኮ የዓመት ልፋቷን ውኃ በላው! ሰፈሩ ሁሉ "ምች ነው" አለ። እኔም ፀሐይ እንዳያገኛት ቤት ዘግቼ ዳማከሴ አሸሁላት። ጠያቂ ጎረፈ፤ ወቅቱ ነውና የመጣው ሁሉ ማንጎ ይዞ ነው! ልጄ እየላጠች ስትመጥ ሽፍታው ወደ አንገቷ ወረደ።

በአራተኛው ቀን አሚና ልትጠይቅ ገባች። ማርታ ማንጎ በጥርሷ እየላጠች ነበር። አሚና ዘልላ ከእጇ ነጠቀቻት!

"ምን ነካሽ? ከታመመ ልጅ ይቀማል?" ብዬ ጮኽኩ።

"ወላሂ የማርታ እናት፣ ይቺን የያዛት ምች አይደለም! የልጣጩ ወተት ነው። የኔዋ ሸምሲያም እንዲህ ሆና ነበር፤ የአንዳንድ ልጅ ገላ አይወደውም። ከቤት አውጪው፣ ፊቷን እጠቢ!"

"አንቺ ራስሽ ማንጎ ሻጭ አይደለሽ?"

"ነኛ! ለሷ ግን አልሸጥም!"

ተናደድኩ፤ ጭንቅ ነውና ግን ያለችኝን አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ። በአምስተኛው ማከክ ተወች! "ኑ እዩልኝ!" እያልኩ ደጅ ለደጅ ዞርኩ። ማፈሩ የመጣው በኋላ ነው፤ አራት ቀን ሙሉ በሽታውን በእጄ ያቀበልኳት እኔው ነኝ።

የፈተናው ጧት ከአሚና ጋር ሦስታችንም ሄድን። ዳይሬክተሩ የማርታን ፊት ወደ ብርሃን አዙረው መረመሩ።

"ግቢ" አሉ።

እልልታዬን አቀለጥኩት! ዘበኛው "ኧረ እመቤቴ፣ ፈተና ነው!" ብሎ ተቆጣኝ።

አሚና ትምህርት ቤት ደጅ ቆማ አታውቅም። "አሁን ምን ያደርጓታል?" አለችኝ።

"ይጠይቋታል።"

"እንግዲያማ ትመልሳለች" ብላ ግንቡ ሥር ተቀመጠች። "የዛሬው ገበያ ይቅርብኝ። ስትወጣ ሳላያት አልሄድም።"