ሶላሩ ላይ የተዘረጋው ገበር

ሰፈሩ «ሜትር» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው፤ መለኪያው ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፣ ምሳ ሲበላም፣ የታመመ ሊጠይቅ ሲሄድም። እጁ የነካው ጨርቅ ሁሉ ያምርለታል፤ አፉ ግን ስስታም ነው። ደንበኛው አዲስ ኮቱን ለብሶ እየተሽከረከረ «እንዴት ነው?» ሲለው «ይሆናል» ይላል። ሚስቱ ስንት ዓመት ሙሉ ከጎኑ ተቀምጣ የቁልፍ ቀዳዳ ስትሠራለት ኖራለች፤ ከሱ የሰማችው ትልቁ ምስጋና «ይሄኛው ቶሎ አይተረተርም» የሚል ነው። እሱ ደግሞ ይሄንኑ ከበቂ በላይ አድርጎ ይቆጥረዋል።

እንዲህ ያለ ሰው በአንዲት ቃል ምክንያት በቅናት እህል ውኃ ሊጠላ ነው ቢሉ ማን ያምናል?

ነገሩ የመጣው በጣሪያ በኩል ነው። የመብራት መስመር ይሄን ሰፈር ዞር ብሎም አላየው፤ ሜትር በኩራዝ ሲሰፋ ዓይኑን ሊጨርስ ነበር። የሰፈሩ ማኅበር ለየቤቱ ሶላር ሲያከፋፍል ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ከሠራተኞቹ ጋር ብሎን ያጠበቀው እሱ ራሱ ነው። አምፖሉ የበራ ለት ደጁ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ሲል አመሸ። ትንሽ ቆይቶ ጤና ጣቢያው የተማሩ ሴቶችን በርቀት ትምህርት ለጤና ረዳትነት አሠለጥናለሁ አለ፤ ሚስቱም ተመዝግባ ታብሌት ይዛ ገባች። ሜትር ይሄንንም አልጠላውም። «ከእንግዲህ ሳል ሲይዘኝ ሰልፍ አልጠብቅም» ብሎ ቀለደ።

ቀልዱ ያለቀው ታብሌቱ አፍ ሲያወጣ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሚስቱ ጓዳ ገብታ መጋረጃውን ትጥላለች፤ ሜትር ከመጋረጃው ወዲህ የስፌት መኪናውን ይረግጣል። መምህሩ ሩቅ ከተማ ያለ፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው። ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች።

«ጎበዝ» ይላል መምህሩ። ከዚያ ደግሞ፣ «በጣም ጎበዝ።»

ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነው የሚለው። ሜትር ያቺን ቃል የሰማ ለት እግሩ መርገጫው ላይ ቀረ። ምን ይሄ ብቻ፣ ሚስቱ ሳቀች። አሳሳቋን ያውቀዋል፤ በተጫጩበት ሰሞን የሰማው ሳቅ ነው። የት ጠፍቶ ከርሞ ነው ዛሬ ለታብሌት የተገኘው?

«ይሄ መምህርሽ ሚስት አለው?» አላት ራት ላይ።

«እኔ ምን አውቄ፤ እኛ ስለ ኩላሊት ነው የምንማረው።»

«ኩላሊት ይሄን ያህል ያስቃል?»

ቀና ብላ አየችውና ወጥ ጨመረችለት። የዚያን ሳምንት ሜትር ያለወትሮው ጢሙን በየቀኑ ተላጨ። አጠገባቸው ያለችው ዳቦ ጋጋሪ «ሜትርዬ፣ ሙሽራ ልትሆን ነው እንዴ?» ብላ ነካካችው፤ ዳቦውን ይዞ ወጣ። ራስ ምታትም ጀመረው፤ ማጅራቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። የመምህሩ ድምፅ ነው ያሳመመኝ ብሎ ደመደመ።

ቅናት ብልኃት አያሳጣም። አንድ ጠዋት ሚስቱ ገበያ ስትወጣ፣ ለአንድ ደንበኛ ኮት የተገዛውን ጥቁር ገበር ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣና ሶላሩ ላይ ዘርግቶ በአራት ድንጋይ አስያዘው። ሰው ቢጠይቀው «ጨርቅ ላፈካ ነው» ሊል አስቧል። ለገበር ፀሐይ ምን ያደርግለታል ብሎ የሚጠይቅ ግን አልተገኘም። ያን ዕለት መምህሩ ገና «ጎ» ከማለቱ ታብሌቱ ጠፋ። አምፖሉም አልበራም። ሜትር ስፌቱን አቁሞ ድንግዝግዙ ውስጥ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ ከብዙ ቀን በኋላ ደስ አለው።

በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ታብሌቱን በነጠላዋ ጠቅልላ ተነሣች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ዳቦ ቤት። የሷ ሶላር ይሠራል።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። እስከዛሬ ቢያንስ ይሰማ ነበር፤ አሁን ጎበዝ ተብላ ስንት ጊዜ እንደሳቀች እንኳ የሚያውቀው ነገር የለም። ያልሰማውን ሁሉ እሱ ራሱ እየፈጠረ ራሱን አቃጠለ። ቢጨንቀው ገበሩን ሊያነሣ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ድንጋዮቹ ጥግ ላይ ተደርድረዋል፣ ገበሩ ግን የለም። «ንፋስ ወስዶት ነው» አለ። ንፋስ ድንጋይ እንደማይደረድር ልቡ ቢያውቅም ሊያስበው አልፈለገም። ለደንበኛው ሌላ ገበር ገዛ፤ ሚስቱም «ሶላሩ ዳነ» ብላ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ሚስቱ መምህሩ በታብሌቱ እያያት የአንድ ሰው ደም ግፊት መለካት አለባት። ካለፈች ጤና ጣቢያው ይቀጥራታል፤ ከወደቀች ዓመት ጠብቃ እንደገና ነው፤ እስከዚያው ወደ ቁልፍ ቀዳዳዋ ትመለሳለች። ለመለካት የተስማማችው ዳቦ ጋጋሪዋ ነበረች። ሜትር ግን «ባልሽ ቤት ተቀምጦ የጎረቤት ክንድ ትለምኛለሽ?» ብሎ ራሱን አቀረበ። እውነቱን ለመናገር ሰውየውን ፊት ለፊት ሊያየው ነው። የራሱን ምርጥ ኮት ለበሰ።

መምህሩ በታብሌቱ መስኮት ብቅ አለ። ወጣት ነው፣ መልከ መልካም ነው፣ ጥርሱ ነጭ ነው። ሜትር ከላይ እስከ ታች መረመረውና የጋውኑ ኮሌታ ተጣሞ መሰፋቱን አየ፤ በዚህች ትንሽ ተጽናና።

«እንደምን ዋሉ አባቴ?» አለ መምህሩ።

አባቴ። መጽናናቱ እዚያው ላይ አበቃ።

ሚስቱ ኮቱን አስወለቀችው፣ እጅጌውን ሰበሰበች። «ክንድ ከልብ እኩል መሆን አለበት» አለች ለመምህሩ፤ ከመሳቢያው በሥርዓት የታጠፈ ጨርቅ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ከክንዱ ሥር አደረገችው። ሜትር ዝቅ ብሎ አየ። ጥቁር ገበር ነው። ጥጉ ላይ የራሱ ጠመኔ ምልክት አለ።

ደሙ ጆሮው ውስጥ ሲመታ ተሰማው። ታውቃለች፤ ይሄን ሁሉ ቀን እያወቀች ወጥ ስትጨምርለት ነበር። እሷ መጠምጠሚያውን ክንዱ ላይ ጠምጥማ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነፋች፣ አስተነፈሰች።

«ላይኛው መቶ ሰማንያ፣ ታችኛው መቶ አሥር» አለች።

መምህሩ ግንባሩን ቋጠረ። «ጤነኛ ነው ብለሽ አልነበረም? አጠማጠምሽ ላይ ስሕተት ይኖራል። እንደገና ለኪ፤ ይሄ ካልተስተካከለ ላሳልፍሽ አልችልም።»

ደገመች። የሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ።

ዝም ቢል በቃ። ትወድቃለች፣ ታብሌቱ ይዘጋል፣ ከጎኑ ተቀምጣ ቀዳዳ ትሠራለች። ሳምንታት ሙሉ የተመኘው ነገር አፉ ውስጥ ገብቶለታል፤ ዝም ማለት ደግሞ ያውቅበታል። ቀና ብሎ አያት፤ ልታለቅስ ደርሳ ከንፈሯን ነክሳለች።

«ልክ ናት» አለ።

«ምን አሉኝ አባቴ?»

«ልክ ናት። የጦዝኩት እኔ ነኝ። ቀንቼ ነው።»

«በማን?»

«በእርስዎ። ይሄን ጨርቅ ሶላሩ ላይ የዘረጋሁትም እኔ ነኝ፣ እንዳትማር ብዬ...»

«አውቃለሁ» አለች ሚስቱ። «አሁን አታውራ። ሲለካ አይወራም።»

መምህሩ ሳቁን በሳል ደበቀ። ትንሽ ዐረፍ ይበሉና እንደገና ትለካዎታለች አለ። በሦስተኛው ወረደ፤ ቢሆንም መውረድ ያለበትን ያህል አልወረደም።

«ራስዎን ያምዎታል?» አለ መምህሩ።

ሜትር ሚስቱን አየ፤ በዓይኗ ፈቀደችለት። «ማጅራቴን ይይዘኛል።»

«ይሄ ቅናት ብቻ አይደለም፤ ግፊት አለብዎት። ነገ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።» ወደ እሷ ዞረ። «ልክ ነበርሽ፤ አልፈሻል። ጎበዝ። በጣም ጎበዝ።»

ታብሌቱ ተዘጋ። እሷ የክንዱን መጠምጠሚያ ፈታች፤ ጀርባዋን ሰጥታው ገበሩን ታጥፍ ጀመር። ሜትር እጅጌውን ሲመልስ ዘገየ።

«ጎበዝ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ሰምተሻል።»

«እሱ ሁለት ጊዜ ነው የሚለው» አለች ሳትዞር።

ማጅራቱን ያ ሕመም እንደገና ጨመደደው። ቢሆንም ቃሉን ደገመው።