ጅብ የጫነ መኪና ገፍተን

ባለፈው እሑድ የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ የነዋሪዎች ስብሰባ ነበር። አጀንዳው ጅብ ነው። ሞልቶ ከፈሰሰው የቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ታይቷል፤ አንድ በግም በልቷል። አንዱ ጎረምሳ ተነሥቶ፣ «ተይዞ ሌላ ቦታ ይወሰድ፤ ሲምፕል ነው» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። የእኔ ደም ግን ፈላ። ስልሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ፤ «ሌላ ቦታ» የሚሉትን አገር አውቀዋለሁ። ያደግኩበት ነው።

ቤታችን ከእንጦጦ ጋራ ጀርባ ነበር። ያለችን አንዲት እርጉዝ ላም፣ ዳለቻ፣ ብቻ ናት። መስከረም ላይ ትወልዳለች፤ እኔም ኮተቤ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ አሥራ አንደኛ ክፍል የምማረው በእሷ ወተትና ቅቤ ነው። ሰኔ አልቆ፣ ትምህርት ተዘግቶ እኔም ቤት ነበርኩ፤ የከብት ክትባት ሰዎችን በጉጉት እንጠብቃለን።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሸራ የለበሰ የመንግሥት መኪና ዳገቱ ላይ ጭቃ ያዘው። ካኪ የለበሱ ሦስት ሰዎች ወረዱ። አባቴ ማንነታቸውን እንኳ ሳይጠይቅ «ኑ ግፉ!» ብሎ ሰፈሩን ጠራ። እናቴ ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ይዛ ወጣች። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እኛ ሳንጠየቅ ነው ያነጠፍነው። እኔም ትከሻዬን ሰጥቼ ገፋሁ። ከሸራው ሥር የሚከረፋ ነገር ሸተተኝ፤ መድኃኒት ይሆናል አልኩ። ሞኝ!

ባሕር ዛፉ ዳር ሲደርሱ ሸራውን ገለጡት። የብረት ሳጥን ነው፤ ውስጡ ጅብ።

«ምንድን ነው ይሄ ልጆቼ?» አለ አባቴ።

«ታች ኮተቤ ሰው አስቸግሮ ነው አባባ። ሰው የሌለበት ቦታ ልቀቁት ተብለን ነው» አለ ከካኪ ለባሾቹ አንዱ።

እናቴ ባዶ ሳህኗን እንደያዘች ቆማለች። «ሰው የሌለበት? ታዲያ አሁን ከማን እጅ ነው የበላችሁት?»

«ታዘን ነው እማማ» አለና የሳጥኑን በር በገመድ ስቦ ጅቡን ለቀቀው።

ሳምንት ሳይሞላ ዳለቻን ከነጽንሷ ዘነጠላት። ጎረቤቶቻችን ጅቡን አሳድደው በመጥረቢያ ገደሉት። ቆዳው ከአጥንቱ ተጣብቆ ነበር። በእሱ አልፈረድኩም፤ አገሩን አያውቅ፣ የሚበላው የለው፣ ምን ያድርግ? ኮተቤዎችም የሞተ አህያ ገደል መጣላቸውን ስላልተዉ፣ በወሩ ሌላ ጅብ መጣባቸው ሲባል ሰማን። መስከረም ሲጠባ እኔ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ከዚያም በኋላ አልሄድኩም።

ስብሰባው ላይ ተነሥቼ፣ «ሌላ ቦታ የት ነው? ስሙን ንገረኝ» አልኩት ጎረምሳውን።

«ከጋራው ወዲያ ነዋ ማዘር። እዛ ሰው የለም።»

ስለ ቆሻሻው ገንዳ ቃል የተነፈሰ አልነበረም። ጅቡ ተይዞ ይወሰድ የሚለው የፊርማ ወረቀት ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ ሳልነካው አሳለፍኩት። የወንድሜ ልጆች ዛሬም ከጋራው ወዲያ አሉ። አውቃቸዋለሁ፤ የመጣው መኪና ጭቃ ቢይዘው ወጥተው ይገፋሉ።