የቧንቧ ሠራተኛው ምረቃ

ወንድሜ ኮሌጅ ያቋረጠው በፈረንጆቹ 2006 ነው፣ ገና ሁለተኛ ሴሚስተሩ ላይ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ ከእናታችን ጋር ሦስት ሆነን እንኖር ነበር። እኔ በዚያው ዓመት ዲግሪዬን ይዣለሁ፤ ጋውን ለብሼ የተነሳሁት ፎቶ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። እናቴ ከፎቶዬ ጎን ለእሱ የሚሆን ምስማር አስቀድማ መትታ ነበር።

«ድሮፕ አድርጌዋለሁ» አለ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ። «ዩኒየን ተቀብሎኛል። አምስት ዓመት አፕሬንቲስ ነኝ፤ እየሠራሁ እማራለሁ፣ እየተማርኩም ይከፍሉኛል።»

ዩኒየን ያለው የሙያ ማኅበሩን ነው፤ በትላልቅ ሕንፃዎች ውስጥ የእንፋሎትና የማሞቂያ ቧንቧ የሚገጥሙና የሚበይዱ ሰዎች ማኅበር። እናቴ ከዚያ ሁሉ የሰማችው ቧንቧ የሚለውን ብቻ ነው።

«የሰው ሽንት ቤት ልትጠግን ነው አሜሪካ ያመጣሁህ?» አለችው። ይህን ያለችው የሆቴል ሽንት ቤት ስታጥብ ጉልበቷ ያለቀ ሴት ናት። እኔ ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነው የሳቅሁት።

እናቴ አኮረፈችው። የእኛ ቤት ኩርፊያ ጩኸት የለውም፤ ያኮረፈ ሰው በሦስተኛ ሰው በኩል ይናገራል። እሱ ሁለት እርምጃ ርቆ ሶፋው ላይ ተቀምጦ እያለ «ምግቡ ቀርቧል በይው» ትለኛለች። «በልቻለሁ በያት» ይለኛል። ሦስተኛዋ ሰው እኔ ነኝ። በኋላ ቤልትስቪል የሚባል ሰፈር ክፍል ተከራይቶ ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ሁሉ በእኔ ስልክ ሆነ። ማን ምን እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሥልጣን የሚሉት እንዲህ ነው ለካ።

እናቴ ቤተ ክርስቲያን ለሚጠይቋት «ኢንጂነሪንግ እየተማረ ነው» ትላለች። እኔንም «ማኔጅመንት ላይ ናት» ትላለች። እኔ በፖለቲካል ሳይንስ ዲግሪዬ እዚያው አሜሪካ አሌክሳንድሪያ በሚባል ከተማ አንድ ሆቴል ፍሮንት ዴስክ ቆሜ ለእንግዳ ቁልፍ እሰጥ ነበር። ቁልፉን ሰጥቼ ፈገግ እላለሁ፤ ፈገግ ካላልኩ ሱፐርቫይዘሬ ይቆጣኛል።

በሦስተኛው ዓመቱ ወንድሜ ከሥራዬ ብዙም ሳይርቅ ገና እየተሠራ ያለ ሆስፒታል ምድር ቤት ይዞኝ ገባ። ሄልሜት አጠለቀልኝና ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ወፍራም ቧንቧ አሳየኝ።

«ይሄን የበየድኩት እኔ ነኝ» አለ። «እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በኤክስሬይ ነው የሚያዩት። እስካሁን አንድም አልወደቀብኝም። ላይ ፎቅ የሚወለድ ሕፃን የሚሞቀው በዚህ ነው፣ ዩ ኖው?»

ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር እኔን በሥራዬ አንድም ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም። ቀናሁበት። ሌላ ስም የለውም። ዲግሪው የእኔ ሆኖ ኩራቱ እንዴት የእሱ ይሆናል?

«ልብስህ ይሸታል» ነው ያልኩት።

በዚያ ሰሞን እናቴም እየላላች ነበር። «የብየዳው ጭስ ሳንባውን እንዳይበላው ወተት ይጠጣ በይው» አለችኝ አንድ ቀን። ሌላ ቀን ደግሞ «ከፍታ ላይ ይወጣል እንዴ? እስቲ ጠይቂልኝ» አለች። አልነገርኩትም፣ አልጠየቅሁላትም። እሱ ደውሎ «ስለ እኔ ምንም አትልም?» ሲለኝ «ምንም» እለዋለሁ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ ከዚያ ሆድ የወጣሁት ክፉዋ እኔ ነበርኩ።

በ2011 አምስት ዓመቱን ጨረሰ። ሆቴሉ ድረስ መጥቶ ሁለት የጥሪ ካርድ ሰጠኝ። በማኅበሩ አዳራሽ የሚደረግ የምረቃ ምሳ ነው።

«አንዱ የእማዬ ነው» አለኝ። «እኔ ብደውልላት ስልኩን ባታነሳስ ብዬ ፈራሁ። እባክሽ ለምኚልኝ። እሷ ከመጣችልኝ ሌላው ሁሉ ይቅር።»

ከበር እንደወጣ የእናቴን ካርድ ወረቀት በሚቆራርጠው ማሽን ውስጥ ከተትኩት።

የምረቃው ቀን በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር፤ ሱፍ ለብሶ፣ ከኋላዬ ያለውን ለማየት እየተንጠራራ። «እማዬስ?» አለ። የምመልሰውን መኪና ውስጥ ተለማምጄው ነበር። «ለቧንቧ ሠራተኛ ደግሞ ምን ምረቃ አለው ብላለች» አልኩት፣ በእሷ አነጋገር አስመስዬ። ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ገብተን ስንቀመጥ ኮቱን አውልቆ ባዶው ወንበር ላይ አንጠለጠለው። ያስተማረው ፈረንጅ ሽማግሌ ስሙን ጠርቶ፣ ይህ ልጅ የሠራው ሥራ ድጋሚ ተሠርቶ አያውቅም ሲል አዳራሹ በሙሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ተሰልፌ ሥጋውን ሁለት ጊዜ አነሳሁ።

እናቴ ነገሩን የሰማችው ከወራት በኋላ ነው። ልጁ እዚያው የተመረቀ አንድ አባት ከቅዳሴ ሲወጡ «እንኳን ደስ አለሽ» አላት። ቤት ስትገባ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ፊቴ ቆመች።

«ሳይጠራኝ?» አለችኝ።

«አፍሮብሽ ይሆናል» አልኳት።

ነጠላዋን አጣጥፋ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ አንድም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም።

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ወንድሜ ሊያገባ ሲል ግን ከእናቱ ሳይታረቅ ሠርግ አይሆንምና፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። የዕርቅ ደንቡ የታወቀ ነው፤ ሁለቱም በየተራ ቅሬታቸውን ፊት ለፊት ይናገራሉ፣ ሽማግሌ ይሰማል። ሁለቱ ፊት ለፊት ከተነጋገሩ የእኔ ነገር እንደሚያበቃለት የገባኝ ያን ጊዜ ነው፣ ለእንግዶቹ ውሃ እየቀዳሁ።

«አንተ ልጅ ነህ፣ አንተ ጀምር» አሉት ትልቁ ሽማግሌ።

«ኮሌጅ በመተዌ ቅር ብሏታል፣ እሱ ይገባኛል» አለ ወንድሜ መሬት መሬት እያየ። «ግን ስመረቅ ጠርቻት አልመጣችም። በእህቴ በኩል ካርድ ብልክላት ለቧንቧ ሠራተኛ ምን ምረቃ አለው አለችኝ። እሱን ነው መርሳት ያቃተኝ።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ብዙ አልቆየችም፤ ግን ሁሉም ነገር እንደገባት አወቅሁ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት ሽማግሌው።

«እውነቱን ነው» አለች እናቴ። «ነግራኛለች። ትዕቢት ይዞኝ ነው የቀረሁት። የበደልኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበለኝ።»

ወንድሜ ተነስቶ ጉልበቷ ላይ ወደቀ። «ይቅር ብዬሻለሁ እማዬ» እያለ ያለቅሳል፤ እሷም ራሱን እየዳበሰች ታለቅሳለች። ሽማግሌዎቹ መረቁን። ወንድሜ ሊወጣ ሲል እኔንም አቅፎ «አንቺማ ቢያንስ መጥተሽልኛል» አለኝ።

በሩ ሲዘጋ እናቴ እግር ሥር ልወድቅ ጎንበስ አልኩ። በእጇ ከለከለችኝ።

«ላንቺ ብዬ አይደለም» አለች። «እናቱን ባገኘበት ቀን እህቱን እንዳላሳጣው ብዬ ነው።»

ወንድሜ ይህን እስከ ዛሬ አያውቅም። እናታችንን ባላጠፋችው ጥፋት ይቅር ብሏት ይኖራል፤ እኔም ዝም ብዬ አያለሁ።