ለሽምግልና የተፈታ ሞተር

ታናሽ ወንድሜ ሊያገባት ያሰባት ልጅ ቤተሰቦቿ በከተማው አንድ ጫፍ፣ ሄሰልቢ ናቸው፤ እኛ ደግሞ በሌላው ጫፍ፣ ሮግስቬድ። እናታችን ካረፈች ወዲህ እሱን መዳር የኔ ፋንታ ስለሆነ ከቤተክርስቲያን ሦስት ሽማግሌዎች ለምኜ፣ «ቅዳሜ በመኪናዬ አደርሳችኋለሁ» አልኳቸው። ቃል ስገባ መኪናዬን አላማከርኳትም። መኪናዬ ዘይት ታፈሳለች። ዘይቱ የጋለ ብረት ላይ እየተንጠባጠበ ይጨስና ጭሱ መኪናዋ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ያጥነዋል። ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች የተቃጠለ ዘይት እየሸተቱ የሰው ልጅ ሊጠይቁ ነው።

ጋራዡ «ከሦስት ሳምንት በኋላ ነይ» አለኝ። እኔ ሦስት ሳምንት ቀርቶ ሦስት ደቂቃ የመጠበቅ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ቪዲዮ ከፍቼ ማየት ጀመርኩ። አንድ ጺማም ስዊድናዊ እየሳቀ የሞተሩን ክዳን አነሳ፤ ከሥሩ ያለችውን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ዘይቱን የምታግደውን ቀጭን ላስቲክ ቀየረና ክዳኑን መለሰው። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ አልጋ ላይ የተኛ አረጋዊ ሳላስነሳ ከሥሩ አንሶላ የምቀይር ሰው ነኝ፤ እንጀራዬም እሱ ነው። ላስቲክ መቀየር ያቅተኛል?

ዓርብ ከሥራ ስመለስ ጀመርኩ። አሮጌዋ ላስቲክ ደርቃ እንደ ብስኩት ተፈረፈረች፤ ፍርፋሪዋን በጥፍሬ ስለቅም መሸብኝ። ቅዳሜ ጠዋት አዲሷን አስቀምጬ ቡሎኖቹን ማጥበቅ ስጀምር ሽማግሌዎቹ ከተፍ አሉ። በሕይወቴ ሐበሻ ከቀጠሮው ሰዓት ቀድሞ ሲደርስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሦስቱም በነጭ ጋቢ ሞተሩን ከበው ቆሙና ለቅሶ የመጡ ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዋናው ተናጋሪ አገር ቤት የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። እጄን አዩና፣

«ምንድን ነው የያዝሽው?» አሉኝ።

«ማጥበቂያ ነው ጋሼ። የኃይሉ ልክ አስር ላይ ሲደርስ ጠቅ ይላል፤ ያኔ ማቆም ነው።»

«ጠቅ!» አሉ፣ እንደ ስድብ። «ቡሎን ጠበቀ የሚባለው ሲያቃስት ነው። ጨምሪ።»

ጺማሙ ስዊድናዊ «ከዚህ በላይ እንዳትጨምሩ» ብሎ ደጋግሞ ነግሮኛል። በሌላ ቀን ቢሆን «አይሆንም ጋሼ» እላቸው ነበር። ያን ቀን ግን ለወንድሜ አፋቸውን የሚከፍቱት እኒሁ ሰው ናቸው። ልመና የሚሄድልሽን ሽማግሌ በጠዋቱ ማስከፋት ምን የሚሉት ድፍረት ነው? ጨመርኩ።

«ጨምሪ እንጂ! ቁርስ አልበላሽም?»

ጨመርኩ። ቀጭ! የቡሎኑ ራስ ከነዘይቱ ዘሎ በጋሼ ጋቢ እጥፋት ውስጥ ተወሸቀ። እሳቸውም በሁለት ጣት አውጥተው፣ አገላብጠው አዩትና፣ «ድሮም የታመመ ነው» ብለው መለሱልኝ።

ያለን አማራጭ ቱነልባና፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ነበር። አረንጓዴው መስመር ከሮግስቬድ ተነስቶ፣ ሳንወርድ ሳንቀይር፣ ቀጥ ብሎ ሄሰልቢ ይገባል። ይህንን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ዝምተኛው፣ መንገድ ላይ በመስኮት ሲያዩ ቆዩና፣ «ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን በዚህ አልሄድንም?» አሉኝ።

«ለክብራችሁ ብዬ ነዋ» አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።

እኔ ደጁ ድረስ አሳይቻቸው ልመለስ ነበር። የልጅቱ አባት ግን፣ «ውጭ አትቆሚም» ብለው አስገቡኝ። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ሹፌሩ ጋሼ ሰላምታውን አስረዝመው፣ ስለ ጋብቻ ክቡርነት ጀምረው መሀል ላይ ሲደርሱ የአባትየው ዓይን ጋቢያቸው ላይ ተተከለ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ይሄ የሞተር ዘይት አይደለም?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይቺ ልጅ ሞተር እሠራለሁ ብላ ቡሎን ሰብራ ነው።»

ደሜ ፈላ። አፌን መያዝ ነበረብኝ፤ አልያዝኩትም። «እርስዎ አይደሉም እንዴ ጨምሪ፣ ጨምሪ እያሉ ያሰበሩኝ!»

ልጅ ልትለምን ሰው ቤት መጥታ የራሷን ሽማግሌ የምታዋርድ ሴት ታይታ አትታወቅም። ወንድሜን በገዛ አፌ ቀበርኩት ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እናቴን አፈርኳት።

አባትየው ወደ እኔ ዞሩ።

«በስንት ነበር የሚጠብቀው?»

«በአስር።»

«ተሰብሮ የቀረው ውስጥ ሰምጧል ወይስ ይታያል?»

«ትንሽ ብቅ ብሏል።»

«እህ» አሉ። ከዚያ የሽማግሌዎቹን ጉዳይ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ከዘመድ እንምከርበት፤ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ» ብለው ሸኙን። በመጀመሪያው ቀን ልጅ እንደማይሰጥ አውቃለሁ፤ ደንብ ነው። ያን ቀን ግን «ተመለሱ» ያሉት በደንቡ ይሁን በኔ ምላስ አልታወቀኝም። ወንድሜ ስልክ ደወለ። ሲፈራ አማርኛው ይጠፋዋል፤ «ቫ ሳ ሃን?» አለኝ፣ ምን አለ ማለቱ ነው። «ተመለሱ ብለዋል» አልኩት፤ ስለ ምላሴ ትንፍሽ አላልኩም። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት የልጅቱ አባት ሰማያዊ ቱታ ለብሰው፣ የመሣሪያ ሳጥን አንጠልጥለው ቆመዋል። እስከ ጡረታቸው የአውቶቡስ መካኒክ ነበሩ ለካ! አድራሻችንን ከልጃቸው ተቀብለው፣ ያንን የሚያህል ሳጥን ይዘው በቱነልባና መጥተዋል። የፈሰሰውን ዘይት ሊጠርግልኝ የመጣው ወንድሜ ሲያያቸው ጨርቅ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ክዳኑን አነሱ፤ የተሰበረውን ጫፍ በፒንሳ ይዘው ቀስ እያደረጉ አዞሩት፤ እንደ እሾህ ወጣ። ከኪሳቸው አዲስ ቡሎን አወጡ፤ ክዳኑን መልሰው ማጥበቂያውን ለኔ ሰጡኝ።

«ጠቅ ሲል አቁሚ። ማንም ሽማግሌ ቢያዝሽ አቁሚ።»

ጠቅ አለ። አቆምኩ። ሞተሩን አስነስተን ጎንበስ ብለን ጠበቅን፤ ጠብታ የለም፣ ጭስ የለም። አባትየው እጃቸውን በወንድሜ ጨርቅ እየጠረጉ፣

«ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ይምጡ፤ ደንብ ደንብ ነው» አሉኝ። «በባቡር ላኪያቸው ግን። ይቺን መኪና አደራ እንዳይነኩብሽ፤ ሙሽራዋ ናት የምትሄድባት።»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ቫ ሳ ሃን?» አለ። እኔ ግን በዘይታም እጄ እንባዬን ስጠርግ ፊቴን ሁሉ ለቅልቄው ነበር። አባትየው ሳቁና ራሳቸው በስዊድንኛ ነገሩት።