ጎማ በእናቴ ልክ

መኪናዋን የገዛኋት ደሴ ውስጥ ከአንድ ወጣት ነው። ሞላዋን አስቆርጦ መሬት ለመሬት የምትሄድ አድርጓት ነበር። ለእሱ ጌጥ የሆነው ነገር ለኔ ዋጋ ማስቀነሻ ሆነልኝ፤ የእኛን አገር መንገድ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ዝቅ ያለች መኪና አይገዛማ። ሳምንት ሳይሞላ ከፍ አስደርጋታለሁ ብዬ ነበር የወሰድኋት። ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ ይዣት ስገባ ጓደኞቼ ከበቧትና «ምን ሆና ነው የምትድኸው?» እያሉ ሳቁብኝ። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ ቶሎ ነው የምቆጣው።

እናቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ አንድ እግሯ እንደ ልብ አይነሳላትም። ቁመቷም አጭር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሚኒባስ ልትሳፈር ስትል ረዳቱ በብብቷ ይዞ ብድግ አደረጋትና አስገባት። ከክፋት አይደለም፣ ደግ ልጅ ነው፤ እሷም መረቀችው። ከዚያን ቀን በኋላ ግን ከሐይቅ አልወጣችም። ታላቅ እህቷ አምባሰል ውስጥ ከውጫሌ ትንሽ ገባ ብላ ነው የምትኖረው፤ እሷም ጉልበቷ ስለማይታዘዝላት መምጣት አትችልም። «እንውሰድሽ» ስንላት እናቴ «አብሽሩ፣ ሲሻለኝ እሄዳለሁ ኢንሻአላህ» ትላለች። እህትማማቾቹ በስልክ ያወራሉ። ወሬው ሲያልቅ ግን አይዘጉትም፤ ሁለቱም ዝም ብለው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘው ይቆያሉ። አንጀቴን የሚበላው ያ ዝምታ ነበር።

መኪናዋን ግቢ ያስገባሁ ዕለት እናቴ ምርኩዟን ይዛ ልታያት ወጣች። በሩን ከፈትሁላት። ጀርባዋን ሰጥታ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች፣ ከዚያ የማይነሳውን እግሯን በሁለት እጇ አንስታ አስገባችው፣ ሌላኛውንም አስከተለች፣ በሩንም ራሷ ዘጋች። በመስኮቱ አየችኝና «ማሻአላህ፣ ይቺስ ለሰው የተሠራች ናት» አለችኝ። ከፍ የማስደረጉ ነገር በዚያው ቀረ።

የቀረው ጎማ ነበር። አሮጌዎቹ ጎማዎች ተልጠዋል፤ ወደ አክስቴ ቤት የሚያስገባው መንገድ ደግሞ ጠጠር ነው፣ ሲዘንብ ጭቃ። ሰፋ ያለ ጎማ ያስፈልገኝ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ የሳቁብኝንም አፍ ማስያዝ ፈልጌ ነበር። ደሴ ሄጄ ዓይኔን የሞላውን፣ ሰፊና ጎኑ ረጅም ጎማ ከነብረቱ፣ ከነቸርኬው ገዝቼ አስገጠምሁ። ጎማው ከላዩ ያለውን ፓራፋንጎ ጢም አድርጎ ሞላው። መኪናዋም ሁለት ጣት ያህል ከፍ አለች፤ ይህን እንደ ትርፍ ቆጠርሁት።

ወደ አክስቴ ልንሄድ የተነሳን ዕለት እናቴ አዲስ ሻሿን አድርጋ፣ ለእህቷ የገዛችውን ነጠላ በፌስታል ይዛ መጣች። ጀርባዋን ሰጠች፤ ወንበሩ አልደርስ አላት። ደግማ ሞከረች። እኔ ችኩሉ በብብቷ ገብቼ አነሳኋትና አስቀመጥኋት። ቀና ብላ ፊቴን አየችው። ከግቢው ልወጣ መሪውን ሳዞር ጎማው ፓራፋንጎውን እየፈተገ ጮኸ። እናቴ ይህንን ሰበብ የምትጠብቅ ይመስል «ተወው ልጄ፣ ዛሬ ድክም ብሎኛል። ሌላ ቀን እንሄዳለን» አለች።

እሷን ቤት ትቼ በንዴት እዚያው ሐይቅ ወዳለው ጎሚስታ ነዳሁ። ጎሚስታው ወሬ የማይወድ ሽማግሌ ነው። ፓራፋንጎውን እንዲቆርጥልኝ ጠየቅሁት።

«እዚህ ላይ የሚቀመጠው ማነው?» አለኝ የፊቱን ወንበር እያሳየ።

«እናቴ ናት። አሁን ደግሞ መግባት አቃታት።»

«ታዲያ ለምን ባዶዋን መኪና ይዘህ መጣህ? አሮጌውን ጎማህን መልስና እሳቸውን ይዘሃቸው ና። በባዶ መኪና የተለካ ጎማ ሰው ሲጫንበት ያሳፍርሃል።»

በማግስቱ እናቴን ይዣት ሄድሁ። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ቁጥር የመጀመሪያው ስፋቱ፣ ቀጥሎ ያለው የጎኑ ርዝመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ የሚያሳይ መሆኑን ያስረዳኝ ያን ዕለት ነው። ስፋት ስትጨምር ጎኑን ትቀንሳለህ፣ ያኔ መኪናዋ ከፍ አትልም አለኝ። መጀመሪያ እኔ የፈለግሁትን ሰፊውን፣ ጎኑ አጠር ያለውን አሰረ። «ይቀመጡ እስቲ እማማ» አላት። ተቀመጠች፤ ከፍታው ተስማማት። ከዚያ ከጎን ካለው እህል ቤት ሁለት ወፋፍራም ነጋዴዎች ጠርቶ ከኋላ አስቀመጠና እኔን መሪውን እስከ መጨረሻው አዙር አለኝ። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ጣቱን ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባለትም።

«ይሄ አይሆንም።»

«ትንሽ እኮ ነው፣ ደግሞ ያምራል» አልሁ። እሱ ጎማውን መፍታት ጀመረ።

ሁለተኛው ስፋቱ አንድ ደረጃ የሚያንስ ነበር። ነጋዴዎቹ ወርደው ጠበቁና እንደገና ገቡ። «ጎማ ነው ወይስ ሙሽራ የምንመርጠው?» አለ አንደኛው። እናቴ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቻለሁ። መሪውን አዞርሁ፤ የጎሚስታው ጣቶች ያለ ችግር አለፉ። እናቴን ሦስት ጊዜ አስወርዶ ሦስት ጊዜ አስቀመጣት፣ አንዴም ግን እጁን አልዘረጋላትም።

«እንዴት ነው?» አላት።

«ወላሂ፣ ወንበሩ ራሱ ነው የተቀበለኝ» አለች።

ጎማውን አየሁት። ከአሮጌው የሰፋው በጥቂቱ ነው፤ ካልነገርኸው ማንም ልብ አይለውም። እኔ ሆኜ ነው መሰለኝ፣ ትንሽ ቅር አለኝ።

በሳምንቱ ሄድን። ከአስፋልቱ ከወጣን በኋላ ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት፣ ሁለት ቦታ ላይ ወርጄ ድንጋይ አነሳሁ። አክስቴ አጥሩን ይዛ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ልጆቿ እናቴን ሊደግፉ ሮጡ፤ «ተዉኝ» አለቻቸው። እግሮቿን አንድ በአንድ አወጣች፣ ምርኩዟን ተከለች፣ ቆመች። ሁለቱ ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ።

ከዚያ አክስቴ መኪናዋ ውስጥ ልቀመጥ አለች። ልይዛት ጠጋ ስል እናቴ «ተው፣ እሷው ትግባ» አለችኝ፤ ወደ እህቷም ዞራ «ጀርባሽን ስጫት እትየ። መጀመሪያ ተቀመጭ፣ እግርሽን በኋላ» አለቻት። አክስቴ ተቀመጠች። እናቴ በሌላው በር ዞራ ከጎኗ ገባች። ምሳ ቀርቧል ተብለው ቢጠሩም አልወጡም።

እኔ በተከፈተው በር አጠገብ ነበርሁ። አክስቴ «ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠብቅሽ! ልጆችሽ ቢሸከሙሽስ ምን ነበረበት?» ስትላት ሰማሁ።

«መሸከሙን ጠልቼ አይደለም እትየ» አለች እናቴ። «ያ የሚኒባስ ረዳት ብድግ ሲያደርገኝ ነው መቅለሌን ያወቅሁት። ባለፈው ልጄ ሲያነሳኝ እንደሚከብደው ሰው ጉልበቱን አሰባስቦ ነበር። እኔ ግን እንዲሁ በቀላሉ ብድግ አልሁለት። ፊቱን አየሁት፣ ደነገጠ። እናቱ ይህን ያህል እንደ ቀለለች ባያውቅ ይሻለው ነበር።»

እውነቷን ነው። ያን ቀን እጄ ላይ ያጣሁት ክብደቷ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ያየችብኝ ግን አልመሰለኝም ነበር። ጎማውን የማይ መስዬ ጎንበስ አልሁ።