ነጭ የተከለከለበት ግንቦት

ከወልድያ ወደ መርሳ ስወርድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ክንዳቸውን ማከክ ጀመሩ። ጥፍር በደረቅ ቆዳ ላይ ሲመላለስ የሚያወጣውን ያንን ኮሽታ ስሰማ መላ ሰውነቴ ተኮማተረና፣ መስኮቱን ገፋ አድርጌ አየር ፈለግሁ። ሽማግሌው የተጸየፍኳቸው መስሏቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። እንዳልተጸየፍኳቸው ልንገራቸው ብል ከየት ተጀምሮ ይነገራል?

እኔ ከመርሳ ዝቅ ብሎ ባለ መንደር ከነችፌዬ የተወለድኩ ልጅ ነኝ። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ እርሻውን ይዞ እናቴንና እኔን የሚያኖረን ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ነበር። ችፌው በጥቅምትና በኅዳር፣ ማሽላው እሸት ሲሆን፣ ዐርፎ ይተኛል፤ ሚያዝያ ገብቶ ቆላው መጋል ሲጀምር ግን በክርኔና በጉልበቴ እጥፋት፣ በአንገቴም ዙሪያ እየፈነዳ፣ የገዛ ላቤ እንደ በርበሬ ይለበልበኝ ነበር። እናቴ ሳሙና አታስነካኝም፣ ናይሎንም አታለብሰኝም ነበር፤ ጥፍሬን በምላጭ ከርክማ፣ ለጋ ቅቤ ቀብታኝ፣ በእጥበት ብዛት የሳሳ ነጭ ነጠላዋን በቀዝቃዛ ውሃ ነክራና ጨምቃ ከአንገቴ እስከ ጉልበቴ ትጠቀልለኝ ነበር። ያን ጊዜ ዓለም ትቀዘቅዛለች። ሰይድ ከእርሻ ሲመለስ እንደዚያ ተጠቅልዬ ካገኘኝ «አዞዋ ከወንዝ ወጣች!» እያለ ያሳድደኝ ነበር፤ ሌላ ልጅ አዞ ብሎ የጠራኝ ቀን ግን ጥርሱን ሊያረግፈው ሄዶ በስንት ልመና ተመለሰ።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ጦርነቱ በእኛ አውራ ጎዳና ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር፤ ከላይ ደግሞ አውሮፕላን መጣ። ገበያው ተበተነ፣ ሰው ጎህ ሳይቀድ አርሶ ቀኑን ዛፍ ሥር ተሸሽጎ ይውል ነበር። ነጭ ነገር ከሰማይ ይታያል ስለተባለ ጋቢውም፣ ነጠላውም፣ የሸሆቹ ጥምጥም ሳይቀር ጥቁር ጭቃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይወጣ ነበር። ሕፃን ሲያለቅስም አብራሪው ይሰማል ብለን ስለምናምን እናቶች የልጆቻቸውን አፍ አፍነው ይይዙ ነበር። አሁን ሲታሰብ ያስቃል፤ በዚያ ሁሉ የሞተር ጩኸት ውስጥ ማን ማንን ሊሰማ! ያኔ ግን የሳቀ ሰው አላየሁም።

የእኔም ነጠላ ጭቃ ተነከረ። ጭቃው ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ከቆዳዬ ጋር ይነሳ ስለነበር ሌት ተቀን ከማከክና ከመድማት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝም። በመጨረሻ እናቴ አንዱን ነጠላ አጥባ አነጣችውና «ከደጅ እንዳትወጪበት፣ ጉድ ይፈላብናል» ብላ ቤት ውስጥ ትጠቀልለኝ ጀመር።

ደርግ ሊወድቅ ዓመት ሲቀረው፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ አውሮፕላኑ ድምፁ ሳይቀድመው ደረሰ። የመጀመሪያው ቦምብ የጎረቤታችንን ቤት ከነበሬዎቹ አነሳው፤ አፈር፣ ሣርና ሥጋ አንድ ላይ ዘነበብን። እናቴ እንደተጠቀለልኩ አንጠልጥላኝ ሮጣ፣ ሰዉ ሁሉ ወደሚሸሸግበት፣ ማንጎዎቹ ሥር ወደሚያልፈው የመስኖ ቦይ ይዛኝ ገባች። ያኔ ነው አንዱ «ነጭ! ነጭ ይዛብን መጣች!» ብሎ የጮኸው።

የቦዩን ውሃ በተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት፣ ጋሽ ይማም፣ በውሃው ውስጥ እየዳሁ መጡብን።

«አውልቂላት፣ አንቺ ሴት! ልታስፈጂን ነው?»

«ጋሽ ይማም፣ ከቁስሏ ተጣብቋል! በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ቀስ ይበሉ!»

ቀስ የሚል ሰው አልነበረም። ጎትተው ሲያወልቁት ከአንገቴና ከክንዴ ቆዳዬ አብሮ ተገሸለጠ። ልጮህ ስል እናቴ አፌን በመዳፏ ደፈነችው፤ ጥርሴ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ የደሟን ጨው ቀመስኩ፣ እጇን ግን አላነሳችም። ጋሽ ይማም ነጠላውን ውሃ ይውሰደው ብለው ወደ ቦዩ ወረወሩት። እሱ ግን አልሰመጠም፤ ውሃው ላይ ተዘርግቶ፣ ከበፊቱ ብሶ እያበራ፣ አራሶቹና ሕፃናቱ ወደተሸሸጉበት መታጠፊያ ቁልቁል መንሳፈፍ ጀመረ።

ሰይድ ከማዶ ሆኖ አየው። «ወደ ልጆቹ እየሄደ'ኮ ነው!» ብሎ ከቦዩ ዳር ዘሎ ወጣና በገላጣው ሮጠ፤ ቀድሞትም ውሃው ውስጥ ገብቶ ጨርቁን ሆዱ ሥር አድርጎ በደረቱ ተኛበት። አውሮፕላኑ ዞሮ ዝቅ ብሎ መጣ። የመትረየሱ ጥይት ቦዩን ይዞ ሲወርድ ጭቃው እንደ ገንፎ ይፈነዳዳ ነበር። ሲያልፍ እኛ ነበርን፤ ሰይድ አልነበረም። ጀርባው ከትከሻው እስከ ወገቡ ተከፍቶ፣ ውሃው ቀልቶ ወደ ሽንኩርቱ መደብ ይፈስስ ነበር። ጨርቁን ለማውጣት ሰዎቹ ጣቶቹን አንድ ባንድ ማላቀቅ ነበረባቸው።

እናቴ አላለቀሰችም። ድንጋይ አንስታ የጋሽ ይማምን ግንባር መታች፤ ደግማ መታች። ማንም አልያዛትም፤ እሳቸውም እጃቸውን አላነሱም። «ምቺኝ ልጄ፣ ምቺኝ» ይሉ ነበር፣ ደሙ ዓይናቸው ውስጥ እየገባ። የሰይድን መቃብር የቆፈሩት፣ ማንም አካፋውን ሊቀበላቸው ሳይችል፣ እሳቸው ናቸው።

ክረምት ገባ፣ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ችፌዬም ጥርግ ብሎ ጠፋ። በዕድሜዬ እንደዚያ የጠራ ቆዳ ኖሮኝ አያውቅም፤ ጠላሁት። መዳኑ ካልቀረ፣ ትንሽ ቀደም ቢል ምን ነበረበት እያልኩ ክንዴን እቆነጥጠው ነበር። እናቴም ስታጥበኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር።

ጦርነት ከዚያ ወዲህም በዚሁ ጎዳና ተመልሶ መጥቶ አይተነዋል። አሁን የምኖረው ወልድያ ነው፤ ልጄም ችፌዬን ወርሳለች። አምና በሙቀቱ መርሳ እናቴ ዘንድ ይዣት ወርጄ፣ ከፋርማሲ የገዛሁትን ቅባት ስቀባት አቃጠላትና መንደሩን በጩኸት አናወጠችው። ሳላስበው እጄ ሄዶ አፏን ያዘ። እናቴ፣ ዛሬ ከወንበር ለመነሳት ሰው የምትጠራው አሮጊት፣ እንዴት እንደደረሰች ሳላይ እጄን ነጥቃ አነሳችው።

«ተያት» አለችኝ፣ «ትጩህ።»

ያኔ የአንዲት ልጅ ጩኸት መንደር ያስፈጃል ብለን እንፈራ ነበር፤ አሁን ቢበዛ ጎረቤት ግድግዳ ቢያንኳኳ ነው። ጎረቤትም አንኳኳ። ልጄ እስኪወጣላት ጮኸች፣ እኔና እናቴም አጠገቧ ተቀምጠን ሰማናት።