ግንቦት 20 እኛ ቤት

ዛሬ ጠዋት ከሰፈሬ ከሲቀላ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሬዲዮው «ዛሬ በታሪክ» እያለ ግንቦት 20 ቀን የሆነውን ሁሉ ይዘረዝራል። ደርግ የወደቀበት ቀን ላይ ሲደርስ ደሜ ፈላ። ያሰብኩበት ሳልደርስ ወረድኩ።

ታላቅ ወንድሜ ታደለ፣ ላንቴ የሚባል መንደር ሙዝ ሲቆርጥ ታፍሶ ነው ጦር ሜዳ የተወሰደው። የሞተው ደርግ በወደቀባት በዚያችው ዕለት፣ አዲስ አበባ መግቢያ ላይ ነው። አብሮት የነበረ ወታደር መጥቶ ነገረን። (ስሙ ታደለ መሆኑን ልብ በሉልኝ።)

ዘጠናዎቹ መግቢያ ላይ እማዬ ሙት ዓመቱን ልታስብ የዕድር ድንኳን አስተከለች። ንፍሮው ከእሳት ሳይወርድ አንድ የቀበሌ ሹም መጣ።

«እማማ፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው። ድንኳኑ ይነሳና ሰው ሁሉ ሰልፍ ይውጣ።»

«ልጄ የሚሞትበትን ቀን እኔ ነኝ የመረጥኩት?»

«የደርግ ወታደር ነበር እኮ!»

«የእኔ ልጅ ነበር» አለችው።

ካስማውን አስነቀለው። እማዬ ፀሐዩ ላይ መሬት ቁጭ አለች፤ ጎረቤቶቻችንም አብረዋት ተቀመጡ።

እኔስ? አስተማሪ ነበርኩ። ከሰልፉ የቀሩት ስማቸው ይመዘገባል ስለተባለ ፈርቼ፣ መፈክር ተሸክሜ ሰልፍ ወጣሁ። አጨበጨብኩም።

ስመለስ እማዬ ቀና ብላ አየችኝና «ምሳ በልተሃል?» ብቻ አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሹሙን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። በራሴ ላይ ያለኝ ንዴት ግን ይብሳል።

አገር የሚጨፍርበት ቀን እናንተ ቤት ለቅሶ የሆነባችሁ ካላችሁ፣ የሟቻችሁን ስም እዚህ ጻፉልኝ። ቢያንስ እኛ እናንብበው።